ዘፋኝ የሌለው ዜማ፦ ኃይሉ መርጊያ፣ አኮርዲዮኑና ማሽኖቹ

እ.ኤ.አ. በ1978 የተቀረጸ አንድ ካሴት አለ። ስሙ «ወደ ሐረር ጉዞ» ነው። ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር ሆነው፣ አዲስ አበባ ግዮን ሆቴል ክለብ ውስጥ፣ ታዳሚ በሌለበት ከሰዓት በኋላ እየተገናኙ በሦስት ቀን ቀዱት። ሐረር የምትኖሩ ከሆነ አንድ ቀን ወደ ሐኪም ጋራ ወጣ በሉና፣ ጀጎልን ቁልቁል እያያችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ዜማውን የሚያዜመው ሰው ሳይሆን ኪቦርድ ነው። ስለ ጀጎል ግንብም ሆነ ስለ ሸዋ በር የሚያወራ ግጥም የለበትም። ግን ጥቂት ሰከንድ እንደሰማችሁ «ይሄማ የኛ ነው» ማለታችሁ አይቀርም።

እንዴት ሆኖ? መሣሪያው የውጭ አገር ፋብሪካ ሥራ ነው። ከሥሩ የሚሄደው ቤዝና ድራም ደግሞ የአሜሪካን ፈንክ ያስታውሳል። ታዲያ «የኛ» ያልነው ነገር የቱ ጋ ነው ያለው? እኔ ምሕንድስና ስለተማርኩ ይሆናል፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥመኝ ዕቃውን መፍታት ይቀናኛል። ዛሬ የጋሽ ኃይሉን ሙዚቃ አብረን እንፍታ። በተለይ በሰባዎቹ ዕድሜያቸው ያወጧቸውን ሁለት አልበሞች፣ «ላላ በሉ»ን እና «የኔ ምርጫ»ን። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየውን ለማታውቋቸው ባጭሩ፦ በ1946 ደብረ ብርሃን አካባቢ ተወለዱ፣ በልጅነታቸው አዲስ አበባ ገቡ፣ በ14 ዓመታቸው ገደማ አኮርዲዮን ያለ አስተማሪ ተማሩ። በ1970ዎቹ የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት ሆነው ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ሠሩ። ያኔ በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር፣ ሌሊቱን ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም። ሙዚቀኛውም እንደዚያው፣ ስለዚህ እስኪነጋ ይጫወታል። እስቲ አስቡት፣ በየሌሊቱ ለስንት ሰዓት ያህል ዜማ መፈለግ! በ1977 ዋልያስ «ቼ በለው» የሚለውን ታዋቂ አልበም አወጡ። በ1981 ባንዱ ለሥራ አሜሪካ ሄደ፣ ግማሾቹ ሲመለሱ ጋሽ ኃይሉ እዚያው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ነዱ። የመኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ነበር፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱበታል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን።

አምስት ድምፅ፣ አምስት ክፍተት

ኪቦርድ ላይ ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ድረስ 12 እኩል እርምጃዎች አሉ። እያንዳንዱ እርምጃ የድምፁን ድግግሞሽ በ1.0595 ያባዛዋል። 12 ጊዜ ስታባዙት 2 ገደማ ይመጣል። ማለትም 440 ሄርዝ የነበረው 880 ሄርዝ ይሆናል። ካልኩሌተር ካላችሁ አሁኑኑ ሞክሩት።

ቅኝቶቻችን ከእነዚህ 12ቱ ውስጥ አምስቱን ብቻ ይመርጣሉ። ትዝታ (ማለቴ ብሩሁ ትዝታ) ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በእርምጃ ስንቆጥረው 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3፣ ድምሩ 12። አንቺሆዬ ግን 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3 ነው፣ ይሄም 12። ልዩነቱን አያችሁት? የትዝታ ክፍተቶች ተቀራራቢ ናቸው፣ ለዚህ ነው ዝርግ መንገድ ላይ የምንሄድ የሚመስለን። አንቺሆዬ ውስጥ ግን አንድ ጠባብ እርምጃ ይመጣና ወዲያው አራት እርምጃ ያዘልላል። እንደ ጀጎል ጠባብ መንገድ ነው፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግታችሁ ስትሄዱ ድንገት አደባባይ ላይ ትወጣላችሁ።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የክፍተት ቁጥሮች እንጂ የመሣሪያ ቁጥሮች አይደሉም። በክራር ብትመቱት፣ በአኮርዲዮን ብትነፉት፣ በኮምፒውተር ብታሰሙት 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3 ያው ነው። ጆሯችን ልጅ ሳለን ጀምሮ ይዞት ያደገው ይሄንን ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ዕቃው ቢለወጥም ዜማውን ያውቀዋል። «ላላ በሉ» ላይ ከስድስቱ ሥራዎች አንዱ «ትዝታ»፣ ሌላው «አንቺሆዬ ለኔ» ይባላል። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙና ክፍተቶቹን በጣት ለመቁጠር ሞክሩ።

ግን ይሄ መልስ ግማሽ ብቻ ነው። ክፍተቱ ተመሳሳይ ከሆነ ማሽኑ ምንም አይጨምርም ማለት ነው? ኧረ ይጨምራል!

አኮርዲዮኑ ለምን ይንቀጠቀጣል?

አኮርዲዮን ውስጥ ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ፣ ከወናፉ የሚመጣው አየር ሲያልፍባቸው ይርገበገባሉ። ብዙ አኮርዲዮኖች ለአንድ ቁልፍ ሁለት ምላስ አላቸው፣ ሁለቱም ሆን ተብለው በጥቂቱ ተለያይተው ይቃኛሉ። አንዱ 440 ሄርዝ ከሆነ ሌላው 443 ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሞገዶች አንዴ ሲደጋገፉ አንዴ ሲጣፉ፣ ድምፁ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ጎላ ለዘብ ይላል።

ይሄንን ቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ሁለት ስልክ ላይ ድምፅ የሚያመነጭ መተግበሪያ ጫኑ፣ አንዱን 440፣ ሌላውን 443 አድርጉና አጠጋግታችሁ ክፈቱ። ዋ… ዋ… ዋ… የሚል ማዕበል ትሰማላችሁ። የአኮርዲዮን ሆድ የሚያባባ ነገሩ፣ ቢያንስ በከፊል፣ ይሄ የሦስት ሄርዝ ልዩነት ነው።

በ1985 ጋሽ ኃይሉ በልጅነታቸው የተማሩትን አኮርዲዮን ይዘው ዋሽንግተን ውስጥ ስቱዲዮ ገቡና ባንድ ሳይኖር ሁሉንም ራሳቸው እየደራረቡ ቀዱ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ዲኤክስ 7 እና ድራም ማሽን። ካሴቱ «ሸሞንሟናዬ» ነው። ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አገኘውና በ2013 እንደገና አሳተመው። የታክሲ ሾፌሩ ወደ መድረክ የተመለሱት በዚህ ምክንያት ነው። እኔን ግን ከታሪኩ ይልቅ የዕቃዎቹ ዝርዝር ነው የሚያስቀናኝ፣ አራት የተለያዩ ዘመኖች ፊዚክስ አንድ ክፍል ውስጥ!

ሮድስ ውስጥ መዶሻ ቀጭን ብረት ይመታል፣ ብረቱ ማግኔት ፊት ሲርገበገብ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የግድቡ ጄነሬተር የሚሠራበት ያው የፋራዴይ ሕግ ነው። ሙግ ላይ ምንም የሚርገበገብ ብረት የለም። ድምፁ ከመጀመሪያውም ኤሌክትሪክ ነው፣ ቮልቴጁ በ1 ቮልት ሲጨምር ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል።

ዲኤክስ 7 ግን የተለየ ጉድ ነው። በ1983 ገበያ ላይ ሲወጣ የያዘው ሐሳብ ጆን ቻውኒንግ የተባሉ የስታንፎርድ ሙዚቀኛና ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጨረሻ የደረሱበት ነው። ዘፋኝ ድምፁን ሲያንቀጠቅጥ ድግግሞሹ በሰከንድ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል አይደል? ቻውኒንግ «ይሄንን መንቀጥቀጥ በሰከንድ መቶዎች ጊዜ ባደርገውስ?» አሉ። ያኔ ጆሮ መንቀጥቀጡን መከታተል ያቅተውና ሌላ ነገር ይሰማል፣ ፍጹም አዲስ የድምፅ ቀለም። 440 ሄርዙን በ440 ብታንቀጠቅጡት 880፣ 1320 እያሉ የሚሄዱ የተስማሙ ድምፆች ይወለዳሉ። በ616 ብታንቀጠቅጡት ግን 1056 እና 176 ይመጣሉ፣ ከ440 ጋር የማይካፈሉ ድምፆች። እነዚህ የደወል ጠባይ አላቸው። ያ የ1980ዎቹ የአማርኛ ዘፈኖች ላይ የምንሰማው የሚያብረቀርቅ የኪቦርድ ድምፅ ዘሩ ከዚህ ነው።

ኪቦርድ ቅኝታችንን አበላሸብን ወይ?

ይሄንን ክስ ሰምታችሁ ይሆናል፣ ትልልቆች ደጋግመው ያነሱታል። እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም፣ ቁጥር አለው።

ላ 440 ሄርዝ ይሁንና ትዝታን ከዚያ እንጀምር። ሦስተኛው ድምፅ፣ ማለትም የ«ሚ» ቦታ፣ ኪቦርድ ላይ አራት እርምጃ ከፍ ብሎ 554.4 ሄርዝ ነው። ተፈጥሯዊው የ5 ለ 4 ንጽጽር ግን 550 ነው። ክራር ቃኚ በጆሮው ሲያስማማ 550 ላይ ሊቆም ይችላል፣ ወይም ሆዱ የወደደው ሌላ ቦታ። ኪቦርድ ግን 554.4 ካለ 554.4 ነው፣ አይለመንም። ማሲንቆ ላይ ጣት የፈለገው ቦታ ያርፋል። ሐረርና ድሬዳዋ በደንብ የሚታወቀው ኡድም እንዲሁ ነው፣ አንገቱ ላይ ጣትን የሚያስቆም ብረት ስለሌለው በሁለት ኖታዎች መካከል ያለው ቦታ ሁሉ ክፍት ነው። ስለዚህ ክሱ እውነት አለው። ፋብሪካ የወሰናቸው 12 ቦታዎች ላይ ብቻ ስንጫወት፣ በመካከላቸው የነበረው ሰፈር ይጠፋል። ልጆች በኪቦርድ ብቻ ሙዚቃ ተምረው ካደጉ፣ ጆሯቸው ያንን ሰፈር ላያውቀው ይችላል። ይሄ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ታዲያ ጋሽ ኃይሉ ምን አደረጉ? እኔ ስሰማው (የኔ አስተያየት ነው፣ እናንተ ሰምታችሁ ተሟገቱኝ) ግትር ያልሆነውን ማሽን ነው የመረጡት። አኮርዲዮን ላይ አንዱ ድምፅ ራሱ 440ም 443ም ስለሆነ፣ ትክክለኛ ነጥቡ ቀድሞውኑ ደብዝዟል። ጆሮ «554 ነው» ብሎ ሊይዘው አይችልም። በዚያ ላይ ወናፉ አለ፣ አንዱን ድምፅ እንደ ዘፋኝ ትንፋሽ ቀስ ብሎ ማጉላትና ማክሰም ይቻላል። ፒያኖ ይሄንን አይችልም፣ አንዴ ከተመታ በኋላ ድምፁ መክሰም ብቻ ነው ዕጣው። ሙግ ላይ ደግሞ ከቁልፎቹ አጠገብ በአውራ ጣት የሚዞር ጎማ አለ። ቮልቴጁን ትንሽ ሲገፋው ድምፁ በሁለት ቁልፍ መካከል ይንሸራተታል፣ የማሲንቆ ጣት በለው።

«የኔ ምርጫ» ላይ፣ በ2020፣ ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄዱ ማሲንቆውን ራሱን አመጡት። ሰጠኝ አጣናው ይጫወታል፣ የድሮው የዋልያስ ባልደረባ ሞገስ ሀብቴም ሳክስፎን ይነፋል። ኪቦርዱና ማሲንቆው አንድ አልበም ውስጥ ሲገናኙ ያንን የጥቂት ሄርዝ ልዩነት በጆሯችሁ ማደን ትችላላችሁ። እዚያው አልበም ላይ የአስናቀች ወርቁን «ባይኔ ላይ ይሄዳል» ከቴዲ አፍሮ «ሸመንደፈር» ጋር ታገኙታላችሁ። አስናቀች ክራር ተጫዋች ነበሩ፣ ቴዲ ደግሞ የዛሬ ዘመን ፖፕ ነው። የተፅዕኖ ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ ትልልቅ ሰዎች በታናናሾች ላይ ያሳደሩትን ይቆጥራል፣ እኚህ ግን ከልጃቸው ዕድሜ ካለ ዘፋኝም ዜማ ይቀበላሉ። ደስ የሚል ነገር ነው።

ፈንኩስ የት ሄደ?

ምቱ ውስጥ ነው። በ1960ዎቹ አስመራ ከነበረው የአሜሪካ ጦር የቃኘው ጣቢያ በሬዲዮም በሸክላም የሶል ሙዚቃ ወደ አገራችን ገባ። ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያ ጀምስ ብራውን» የተባለው በከንቱ አይደለም። ጋሽ ኃይሉ በበኩላቸው የጃዝ ኦርጋኒስቱን የጂሚ ስሚዝን ስም ያነሳሉ። ፈንክ አራት ምት አለው፣ እያንዳንዱ ለአራት ይከፈላል፣ 16 ቦታ ማለት ነው። ክብደቱ የሚያርፈው የመጀመሪያዋ ላይ ነው። የኛ ችክችካ ግን በ6 ይሄዳል። 6 ደግሞ ተንኮለኛ ቁጥር ነች፣ 3 እና 3 ብላችሁም፣ 2 እና 2 እና 2 ብላችሁም ልትከፍሏት ትችላላችሁ። በግራ እጃችሁ ጉልበታችሁን ሁለት ጊዜ ምቱ፣ በዚያው ጊዜ ውስጥ በቀኝ እጃችሁ ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ ያስቸግራል፣ እስክስታ የሚወርድ ሰው ግን ትከሻው ሳያስብ ይሠራዋል።

«ላላ በሉ» ላይ ድራምና ቤዝ የሚጫወቱት ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው፣ ቶኒ በክና ማይክ ማይኮውስኪ። ከልጅነታቸው ችክችካ ያልሰሙ ሰዎች! ስትሰሙት ትኩረታችሁን ከኪቦርዱ አንሡና ሃይሃቱ ላይ ብቻ አድርጉ፣ በ2 ነው በ3 የሚከፍለው?

ከአልበሙ መጨረሻ ላይ «የፍቅር እንጉርጉሮ» አለ። ፒያኖ ብቻውን ነው። ወናፍ የለም፣ የሚዞር ጎማ የለም፣ ማሲንቆ የለም፣ 12ቱ ቦታዎች በሙሉ የተቆለፉ ናቸው። ዋናውን ድምፅ ከመንካታቸው በፊት ጎረቤቱን በፍጥነት ነካ አድርገው የሚመለሱበትን ቦታ ፈልጉ። ሁለቱ ድምፆች በጣም ሲቀራረቡ ጆሯችሁ የት ጋ የሰማ ይመስለዋል? በአንደኛው ቁልፍ ላይ፣ በሌላኛው ላይ፣ ወይስ ፋብሪካው ምንም ባላስቀመጠበት በመካከላቸው?