ያውቁ ኖሯል? ሽቅብ የሚሄደው ሽንት

ሽንት ወደ ላይ ይወጣል ቢባሉ ያምናሉ? በአንዳንድ ልጆች ላይ እውነት ነው! ፊኛ ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ውጭ መውጣት ሲገባው፣ በመጣበት ቧንቧ ሽቅብ ተመልሶ ኩላሊት ድረስ ይዘልቃል። ከ100 ልጆች አንዱ ወይም ሁለቱ ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገመታል!

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዟቸው ያተኮሱ ልጆች ብቻ ተለይተው ሲመረመሩ ደግሞ ከሦስቱ በአንዱ ገደማ ይገኛል!

ከኩላሊት የሚወርደው ቧንቧ ፊኛውን የሚበሳው ቀጥ ብሎ አይደለም! ግድግዳውን በሰያፍ ሰርስሮ ነው የሚገባው። ፊኛ ሲሞላ ግድግዳው ራሱ ቧንቧውን ተጭኖ ይዘጋዋል። ይህች ሰያፍ መንገድ ካጠረች ግን መዝጋት የለም። መዘዙ ሁሉ የሚመጣው ከጥቂት ሚሊ ሜትር ነው!

ጥንታዊው ሐኪም ጋለን ይህን ከ1,800 ዓመታት በፊት ደርሶበት ነበር! የሞተ እንስሳ ፊኛ ሞልቶ ቢጨምቀው ቢጨምቀው፣ ወደ ቧንቧው የሚመለስ ነገር አጣ።

በውሻ ቡችሎች ላይ የሽንት ወደ ኋላ መመለስ የተለመደ ነው! ሲያድጉ ይተዋቸዋል። የሰው ልጅም ሲያድግ ያቺ አጭር መንገድ አብራው ትረዝማለች፤ ቀለል ያለው ደረጃ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚጠፋው ለዚህ ነው። ደረጃዎቹ አምስት ናቸው፤ አምስተኛው በራሱ የመጥፋት ዕድሉ ትንሽ ነው።

ሽንቱ ሽቅብ ሲመለስ ልጁን ብዙ ጊዜ ምንም አያመውም! ይበላል፣ ይሮጣል፣ ይስቃል። ምሥጢሩን የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ትኩሳት ነው።

ሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ ከሆነ ልጅዎ ድንገት ሲያተኩስ መጀመሪያ የሚያስቡት ወባን አይደለም? ልክ ነዎት፣ ይመርመር! ነገር ግን በጨቅላ ሕፃን ላይ የሽንት ኢንፌክሽንም ብቸኛ ምልክቱ ትኩሳት ሊሆን ይችላል! ሕፃን «ስሸና ያቃጥለኛል» አይልም። ሽንት ለማስመርመር ደግሞ ሪፈራል ሆስፒታል ድረስ መሄድ እንኳ አያስፈልግም፤ ጤና ጣቢያም ይሠራል።

ጥፋተኛው ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ በራሳችን አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖረው ኢ. ኮላይ ነው!

የሆድ ድርቀትም ፊኛን ይረብሻል! ድርቀቱ የታከመለት ልጅ የሽንት ኢንፌክሽኑም ሊቀንስለት ይችላል።

በሀገራችን ብዙ ወንዶች ልጆች በስምንተኛ ቀናቸው ይገረዛሉ። ያልተገረዘ ወንድ ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት የሽንት ኢንፌክሽን የሚይዘው ከተገረዘው በብዙ እጥፍ ነው!

የእንሽርት ውኃ ከእርግዝናው አጋማሽ ወዲህ በአብዛኛው የጽንሱ ሽንት መሆኑንስ ያውቃሉ? ይሸናዋል፣ ይውጠዋል፣ ደግሞ ይሸናዋል! ሽንት ሽቅብ እየተመለሰበት ኩላሊቱ ያበጠ ጽንስም ገና ሳይወለድ በአልትራሳውንድ ሊታይ ይችላል።

አንድ ኩላሊት በአማካይ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ሁሉም የሚሠሩት በእናት ማኅፀን ነው! ወራችን ሞልቶ ከተወለድን በኋላ አንዲት እንኳ አትጨመርም። ኢንፌክሽን ጠባሳ ያሳረፈበት የኩላሊት ክፍል በአዲስ አይተካም።

የአዋቂ ሰው ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ገደማ ያጣራሉ፤ ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው! ከዚህ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው።

ደም ግፊት የትልልቅ ሰዎች ብቻ ይመስልዎታል? ኩላሊቱ ጠባሳ ያለበት ልጅም ሊይዘው ይችላል! ምልክት ሳያሳይ ዓመታት ሊቆይም ይችላል፤ ይህኛው በእውነት ያስፈራል።

አንዱ ልጅ የሽንት ሽቅብ መመለስ ካለበት ከወንድምና እህቶቹም ከአራቱ አንዱ ገደማ ሊኖርበት ይችላል!

እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ የወጣ ጥናት ሽንታቸው ሽቅብ የሚመለስ 607 ልጆችን ለሁለት ዓመት ተከታተለ። በየቀኑ ጥቂት አንቲባዮቲክ የወሰዱት ልጆች ኢንፌክሽን በግማሽ ቀነሰላቸው። የኩላሊት ጠባሳው ግን አልቀነሰም!

ሆድ ሳይከፈት በመርፌ የሚታከምበት ዘዴም አለ! በቧንቧው አፍ ሥር ጄል ይወጋና መግቢያው ይጠብባል። የዚህን ዘዴ በር የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1984 ሁለት የደብሊን ሐኪሞች ናቸው።

አከርካሪያቸው ክፍት ሆኖ የሚወለዱ ልጆች ፊኛ በነርቭ ጉዳት ምክንያት ብዙ ጊዜ በደንብ ባዶ አይሆንም፤ ሽንቱም ሽቅብ ሊገፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1972 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ጃክ ላፒደስ ምን አሉ? በቀን ጥቂት ጊዜ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ሽንቱን ማውጣት! ቱቦው ንጹሕ ይሁን እንጂ የቀዶ ሕክምና ክፍል ያህል ከጀርም የጸዳ መሆን የለበትም አሉ። ዘመኑ ጉድ አለ! ዛሬ ልጆች ራሳቸው እጃቸውን ታጥበው ያደርጉታል፤ የስንቱን ኩላሊት አተረፈ!

ያው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር አብሮ ነበር! ያኔ ለጋሾቹ በሕይወት ያሉ ዘመዶች ነበሩ።

በንቅለ ተከላ ጊዜ አሮጌዎቹ ኩላሊቶች አብዛኛውን ጊዜ አይወጡም! አዲሱ ከታች በኩል ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰውየው ሦስት ኩላሊት ይዞ ቤቱ ይገባል!