ከመኪና መሪ እስከ አውሮፕላን መሪ

ልጃቸው የአውሮፕላን አብራሪነት ትምህርት ላይ ያለች እናት ምን እንደሚያሳስባቸው ቢጠየቁ፣ ስለ አየሩ ጠባይ፣ ስለ ሞተሩና ስለ ትምህርቱ ክፍያ ይናገራሉ እንጂ ስለ መኪና ቅጣት የሚያነሡ አይመስለንም። በክፍያውስ ቢጨነቁ አይፈረድባቸውም። በአሜሪካን አገር አንዲት ወጣት ከምንም ተነሥታ የንግድ አብራሪነት ፈቃድ እስክታገኝ ድረስ ለበረራ ትምህርት ቤት የምትከፍለው ገንዘብ ወደ 100,000 ዶላር ይጠጋል፤ ከዚያም የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በመንገደኞች አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ሆና ለመቀጠር ደግሞ በመደበኛው ደንብ 1,500 የበረራ ሰዓት ማሟላት ይጠበቅባታል። ይህ ሁሉ ወጪና ድካም ካለፈ በኋላ፣ በመጨረሻው በር ላይ፣ ከጠያቂዎቹ አንዱ ፋይሏን ገልጦ «በ19 ዓመትሽ በፍጥነት ስለ መንዳት የተከሰስሽበትን ጉዳይ እስኪ ንገሪን» ይላታል።

ጉዳዩን በዚህ ዓምድ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በታክሲና በጭነት መኪና መሪ ላይ ተቀምጠው ነው። አሁን ልጆቹ ወደ በረራ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ አዲስ አበባ ያለችው አክስትም ከደመወዟ ቆንጥራ ባትልክ እንኳ በስልክ መምከሯ አይቀርም። «ሴት ልጅ አብራሪ ትሆናለች ወይ?» የሚለው ክርክር ደግሞ ያለፈበት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በሴቶች ብቻ የተመራ በረራ ወደ ባንኮክ መላኩ ይታወሳል።

ለመሆኑ የመኪና ፍጥነት ከሰማይ ጋር ምን አገናኘው? የአየር መንገዶቹ መልስ አጭር ነው። የማብረር ችሎታ በሲሙሌተር ይፈተናል፤ ጠባይን የሚለካ መሣሪያ ግን የለም። ስለዚህ አመልካቿ ማንም ባላያት ሰዓት ሕግን እንዴት እንደምትይዝ ለማወቅ ወደ መንጃ ታሪኳ ይመለሳሉ። የአሜሪካ የበረራ ደንብም ከፍተኛውን የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው መልካም ጠባይ ያለው መሆን እንዳለበት በግልጽ ጽፎታል።

ነገሩ በአየር መንገዶቹ ውሳኔ ብቻ የተተወም አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1994 ዓ.ም. በኖርዝ ካሮላይና ስቴት 20 ሰዎች የያዘች አነስተኛ አውሮፕላን ወድቃ 15ቱ ሞቱ። በምርመራው ካፒቴኑ ቀደም ሲል በሌላ አየር መንገድ ሳለ በችሎታው ላይ ጥያቄ ተነሥቶበት እንደ ነበረ፣ አዲሱ ቀጣሪም ይህን ሳያጣራ እንደ ቀጠረው ታወቀ። በ1996 የወጣው ሕግ ማንኛውም አየር መንገድ አብራሪ ከመቅጠሩ በፊት የቀድሞ የሥራና የሥልጠና መዝገቡን፣ ከዚያም ጋር በብሔራዊው የአሽከርካሪዎች መዝገብ ያለውን ታሪክ እንዲጠይቅ አዘዘ። በ2021 በወጣው ደንብ የአብራሪዎቹ መዝገብ በአንድ የኤሌክትሮኒክ ቋት እንዲሰባሰብ ተደረገ፤ የመንጃውን መዝገብ የመጠየቁ ግዴታ ግን እንደ ቀጠለ ነው።

ብሔራዊው መዝገብ የሚይዘው መንጃ ፈቃዱ የታገደበትን፣ የተሰረዘበትን ወይም የተከለከለውን፣ እንዲሁም በከባድ የመንገድ ጥፋት የተፈረደበትን ሰው ነው። ተራ የፍጥነት ቅጣት እዚያ አይገባም። ቤተሰብ የሚሳሳተው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። «ካልታየ ለምን ይጻፋል?» የሚል ምክር ከወጥ ቤት ይነሣል። መካሪዋም ብዙ ጊዜ እናት ናት። ሌሊቱን ሆስፒታል ስታስታምም አድራ፣ ልጅዋ ማመልከቻውን ስትሞላ ከአጠገቧ ቁጭ ብላ፣ «ልጄ፣ ያንን ነገር ተዪው፤ እኮ ከፍለነዋል» ትላለች። ከፍቅር የመጣ ምክር ነው፤ ነገር ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚያሰኝ ነው።

ምክንያቱም ማመልከቻው የሚጠይቀው በብሔራዊው መዝገብ ስላለው ብቻ አይደለም። አንዱ አየር መንገድ «በሕይወት ዘመንሽ» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው የዓመት ገደብ ያበጃል። አንዱ «የተፈረደብሽ» ይላል፤ ሌላው «የተከሰስሽበት፣ ቢሰረዝም እንኳ» ይላል። እነዚህ ቃላት አንድ አይደሉም። ፍርድ ቤት የሰረዘው ክስ ለመጀመሪያው ጥያቄ «የለም» ያሰኛል፤ ለሁለተኛው ግን «አለ» ነው። አመልካቿ ለአምስት አየር መንገዶች አመልክታ በአንዱ ሁለት፣ በሌላው ሦስት ቅጣት ጽፋ ከተገኘች ጥያቄው ስለ ፍጥነት መሆኑ ይቀርና ስለ ታማኝነት ይሆናል። አንዳንዶቹ ደግሞ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ ከስቴቱ መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ያወጣችውን ሙሉ የመንጃ ታሪክ ይዛ እንድትመጣ ያዝዛሉ። ያን ጊዜ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይነበባሉ።

«ከፍለነዋል» የሚለውም ቃል ሊመረመር ይገባዋል። በእኛ አነጋገር መክፈል ማለት መገላገል ነው። በአብዛኛው የአሜሪካ ስቴት ግን የቅጣቱን ገንዘብ በፖስታ መላክ ጥፋተኛነትን እንደ ማመን ይቆጠራል፤ ጉዳዩም ተፈርዶ ተመዝግቦ ይቀራል።

ከሁሉ የሚያሳስበው የቨርጂኒያ ሕግ ነው። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን አካባቢ ልጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሩልን። በዚያ ስቴት ከተወሰነው ፍጥነት በሰዓት 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ አሳልፎ መንዳት፣ ወይም የመንገዱ ወሰን ምንም ቢሆን ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ «በግዴለሽነት ማሽከርከር» ይባላል። ይህ የወንጀል ክስ ነው። 55 ማይል በተፈቀደበት መንገድ 75 የነዳች ልጅ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል በሚችል ክስ ፍርድ ቤት ትቀርባለች ማለት ነው። ዳኛው ገንዘብ ብቻ ቀጥቶ ቢያሰናብታት እሷም ቤተሰቧም «የፍጥነት ቅጣት» ብለው ይረሱታል። ከዓመታት በኋላ ማመልከቻው «በወንጀል ተፈርዶብሽ ያውቃል ወይ?» ሲላት፣ በቅን ልቡና «የለም» ብላ ታልፋለች። የወንጀሉ መዝገብ ግን አለ። እንዲህ ያለ ክስ ሲመጣ ሳይከፍሉ፣ ሳይፈርሙ፣ መጀመሪያ ጠበቃ ማማከር ነው እንላለን። የጠበቃው ዋጋ ከበረራ ትምህርቱ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

በአንጻሩ ብዙ እናቶችን የሚያስደነግጠው የካሜራ ቅጣት ቀላሉ ነው። ለምሳሌ በሜሪላንድ የፍጥነት ካሜራ ያነሣው ፎቶግራፍ የሚላከው መኪናው በስሙ ለተመዘገበው ሰው ሲሆን፣ በመንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ አያስይዝም። መኪናው በእናት ስም ከሆነ ወረቀቱ የሚመጣው ለእናት ነው። ለተከለከለ ቦታ ማቆሚያ የሚሰጠውንም ቅጣት አብዛኛው ማመልከቻ አይፈልገውም።

ታዲያ ቀላሉ ወረቀት ከባድ የሚሆንበት መንገድ አለ። ወጣቷ በትምህርት ቤት ከተማ ሳለች ቅጣት ይሰጣታል። የፍርድ ቤቱ መጥሪያ በቀድሞው አድራሻ ይላካል። ቤተሰቡ ግን ኪራይ ረከስ ወዳለበት ሰፈር ከተዛወረ ቆይቷል፤ ፖስታው አይደርስም። በቀጠሮው ቀን ሳትቀርብ ትቀራለች። በብዙ ስቴቶች ሳይቀርብ የቀረ ሰው መንጃ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል፤ እገዳው ደግሞ ከላይ ወዳነሣነው ብሔራዊ መዝገብ የሚያስገባ ነው። ነገሩ የተነሣው ከ10 ማይል ፍጥነት ሊሆን ይችላል። ቤት ሲቀየር ለኤሌክትሪክና ለስልክ ድርጅት እንደሚነገረው ሁሉ ለመንጃ ፈቃዱም መሥሪያ ቤት አድራሻን ማስመዝገብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መንጃ ፈቃድ ከታገደ ጉዳዩ ከቀጣሪው አልፎ ወደ መንግሥት ይሄዳል። አብራሪዎች የጤና ምርመራ ሲያደርጉ የሚሞሉት የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ቅጽ፣ መንጃ ፈቃድ ያሳገደ ወይም ያሰረዘ ጥፋት እንዳለ፣ ጠጥቶ ከመንዳት ጋር በተያያዘም መታሰርና መፈረድ እንዳለ ይጠይቃል። በዚያው ቅጽ ላይ የምትፈርመው ፊርማ አስተዳደሩ ብሔራዊውን መዝገብ እንዲመለከት ፈቃድ መስጠት ነው። አውቆ የሐሰት ቃል የጻፈ ሰው የበረራ ፈቃዶቹን ሁሉ ሊነጠቅ ይችላል፤ እስከ 5 ዓመት እስራትም ሊከተል እንደሚችል ቅጹ ራሱ ያስጠነቅቃል።

በዚሁ ስለ መጠጥ ጥቂት እንበል። ለመኪና አሽከርካሪ በአብዛኛው ስቴት የተወሰነው የአልኮል መጠን 0.08 ሲሆን ለአብራሪ 0.04 ነው፤ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላም ቢያንስ 8 ሰዓት ማለፍ አለበት። አብራሪ ጠጥቶ በመንዳት ሲፈረድበት ወይም በዚሁ ምክንያት መንጃ ፈቃዱ ሲታገድ፣ በ60 ቀን ውስጥ ለአቪዬሽኑ አስተዳደር በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። በጤና ቅጹ ላይ መሙላት ይህን አይተካም። በ3 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተደገመ ፈቃድ ሊያስከለክል ወይም ሊያሳጣ ይችላል። ሌላም ጣጣ አለው፦ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕጓን ካጠበቀች ወዲህ ጠጥቶ መንዳት ከከባድ ወንጀል ስለሚቆጠር፣ የተፈረደበት ሰው ወደ አገሯ እንዳይገባ ሊከለከል ይችላል። ቶሮንቶ ማረፍ የማይችል አብራሪ ደግሞ ወደ ካናዳ ለሚበር አየር መንገድ አይመችም። በሠርግና በልደት ድግስ ላይ «አንዲት ብቻ» እያሉ ወጣት አሽከርካሪዎችን የሚያስገድዱ ዘመዶች ይህን ቢያውቁት ደግ ነበር።

ወደ ቃለ መጠይቁ እንመለስ። ብዙ ጊዜ ከጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጡት አንድ የአስተዳደር ሠራተኛና አንድ ካፒቴን ናቸው። ከዓመታት በፊት የነበረ አንድ ወይም ሁለት የፍጥነት ቅጣት፣ በትክክል እስከ ተጻፈ ድረስ፣ ብዙውን ጊዜ መንገድ አይዘጋም። የሚያሳስባቸው ቅርብ ለቅርብ የተደራረበ ሲሆን ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ቅጣት ያላት አመልካች ልማድ እንዳላት ይገመታል። መልሷም ይመዘናል። «ፖሊሱ አድልቶብኝ ነው፣ ሁሉም ይፈጥን ነበር» የምትል ልጅ፣ ነገ በበረራ ላይ ስሕተት ስትፈጽም በማን ልታሳብብ ነው? ብለው ያስባሉ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የነበረውን ፍጥነትና የፍርዱን ውጤት በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግራ፣ ከዚያ ወዲህ ያለ ቅጣት የነዳችባቸውን ዓመታት ቆጥራ ዝም የምትለዋ ትሻላለች። እዚህ ላይ የእናት እርዳታ ያስፈልጋል። ማታ ከራት በኋላ እንደ ጠያቂ ሆነው ሊያለማምዷት ይችላሉ፤ ለዚህ የአቪዬሽን ዕውቀት አይጠይቅም።

ለዚህ ሁሉ ወረቀቱ መኖር አለበት። የመኪና ወረቀቶችን የሚያኖሩበት ኤንቬሎፕ ካለዎት፣ የቅጣት ወረቀቱን፣ የከፈሉበትን ደረሰኝና የፍርድ ቤቱን ውሳኔ እዚያው ያስቀምጡላት። የጠፋባት ደግሞ መንጃ ፈቃድ ካወጣችበት ከየስቴቱ መሥሪያ ቤት መጠነኛ ክፍያ ከፍላ ታሪኳን ማስወጣት ትችላለች፤ ስታስወጣ የ3 ዓመቱን ሳይሆን ሙሉውን ትጠይቅ። በብሔራዊው መዝገብ ስሟ መኖር አለመኖሩን ለማወቅም ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ በደብዳቤ መጠየቅ ይፈቀድለታል። ደብዳቤው በሰነድ አረጋጋጭ ፊት መፈረም አለበት እንጂ መዝገቡ ክፍያ አይጠይቅበትም። የመጀመሪያው ማመልከቻ ከመሞላቱ ወራት ቀደም ብሎ ቢላክ ይመረጣል።