መርካቶን ከእንጦጦ ላይ

መርካቶ ውስጥ ለሚውል ሰው እንጦጦ ሁልጊዜ ከበላዩ አለ። ከሰባተኛም ሆነ ከአውቶቡስ ተራ ወደ ሰሜን ቀና ቢል፣ ፎቅ ካልጋረደው በቀር፣ ጥቁር አረንጓዴውን ሸንተረር ያየዋል። ግን መርካቶ ቀና የሚያስብል ሰፈር አይደለም። ነጋዴው ዓይኑ ከዕቃው ላይ ነው፣ ተሸካሚው ከመንገዱ፣ ገዢው ከኪሱ። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ነግዶ፣ አንድ ቀን እንኳ እንጦጦ ወጥቶ ሰፈሩን ቁልቁል ያላየ ሰው ብዙ ነው። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም መርካቶ ምን እንደሆነ በደንብ የሚገባው ከዚያ ሲታይ ነው።

መንገዱ ቀላል ነው። በፒያሳና በስድስት ኪሎ በኩል ታክሲ ይዞ ሽሮ ሜዳ መድረስ ነው። እዚያ በየሱቁ ደጃፍ የተሰቀለው ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ለመርካቶው ሸማ ተራ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በተራራው ግርጌ የሰፈሩ፣ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች የእጅ ሥራ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሌላ ታክሲ ጠመዝማዛውን ዳገት ይዞ እስከ እንጦጦ ማርያም ያወጣል። መርካቶ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሲሆን የእንጦጦ አናት ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ስለዚህ ብርዱ ሌላ ነው፣ ትንፋሹም ያጥራል። የሀገራችን ሯጮች ማለዳ ማለዳ እዚህ የሚለማመዱት ለዚሁ ለሳሳው አየር ብለው ነው።

ከዛፎቹ መሐል ገለጥ ያለ ቦታ ፈልጎ ፊትን ወደ ደቡብ ማዞር ነው። መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ 209 ሜትር ስለሆነ አይጠፋም። ከእሱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ተራራው ደግሞ ቀረብ ብሎ፣ አዳዲስ የንግድ ሕንፃዎች ከአሮጌ ቆርቆሮ መሐል የበቀሉበት ጥቅጥቅ ያለ ሰፈር ይታያል። መርካቶ እሱ ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ አጥር ለአጥር የተጎራበቱትን ታላቁን አንዋር መስጊድና የራጉኤልን ቤተ ክርስቲያን መፈለግ ይቻላል። ቅዱስ ራጉኤል ከላይም ከታችም ቤት አለው፤ የእንጦጦው ራጉኤል ከእንጦጦ ማርያም ብዙም አይርቅም። ከከተማው ባሻገር በስተቀኝ ወጨጫ፣ ቀጥሎ ፉሪ፣ በስተግራ የረር ይቆማሉ። በመሐል ርቆ የሚታየው፣ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቦ ገዳም ያለበት ዝቋላ ነው።

አንድ ነገር ከላይ ወዲያው ይገባል፤ ጣሪያው ከጣሪያ ጋር መያያዙ። ከታች ሲኬድ ከመተላለፊያ ወደ መተላለፊያ ስለሚገባ ክፍተት ያለ ይመስላል። ከላይ ግን ክፍተት የለም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራን ያነደደው እሳት ለምን ያን ያህል እንዳስጨነቀ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የሚገርመው ሰፈሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። የቀድሞው ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ሐበሻውን ከነጩ ለመለየት ብለው ገበያውን ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩ፣ አዲስ ከተማን በቀጥታ መንገዶች ሸንሽነው ነበር። መጨናነቁ የመጣው በኋላ ነው።

እንጦጦ ራሱ ከመርካቶ ቀርቶ ከአዲስ አበባም በፊት ከተማ ነበር። አፄ ምኒልክ እዚህ የሰፈሩት ሩቅ ስለሚያሳይ፣ ለመከላከልም ስለሚያመች ነው። ዛሬ ፎቶ የምንነሳበት እይታ ያኔ የጦር ጉዳይ ነበር ማለት ነው። ይሁንና ብርዱና ንፋሱ የሚቻል አልነበረም፣ ውኃና እንጨትም አጠሩ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውኃ ወርደው አዲሲቱን ከተማ ቆረቆሩ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት ግን እንጦጦ ማርያም ነው፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.።

ከተማዋ ብትወርድም የእንጨቱ ችግር ተከትሏት ወረደ። በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ ተጨፍጭፎ አለቀ። ምኒልክም መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። አዲስ አበባን ከቦታዋ እንዳትነቃነቅ ያደረጋት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ከብት አይበላውም። አጣናው የቤት ምሶሶና ማገር ሆነ፣ ግንዱ ማገዶ ሆነ፣ ቅጠሉ ምጣድ አሰማ። የመርካቶ ቤቶች በጭቃና በእንጨት ሲሠሩ የቆሙት በዚሁ ዛፍ ነው፤ በኋላም ፎቆቹ ሲነሡ መወጣጫው እሱ ሆነ።

ያን ማገዶ ለአሥርት ዓመታት በጀርባቸው ያወረዱት ሴቶች ናቸው። ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ የጭራሮና የቅጠል ሸክም አዝለው፣ ወገባቸውን አጉብጠው፣ ዳገቱን በእግራቸው ይወርዱ ነበር፤ ዛሬም ጨርሰው አልጠፉም። በእይታው ተደስቶ የሚመለስ ሰው በዚህ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው መንገድ ሊለቅላቸው ይገባል። ከተማው እንጀራ የጋገረው በእነሱ ጀርባ ነው።

ስለ ውኃው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። እንጦጦ የአባይና የአዋሽ ተፋሰሶች ድንበር ነው። በሸንተረሩ ሰሜናዊ ጎን የወረደ ዝናብ በሱሉልታ በኩል ሙገር ገብቶ፣ ከአባይ ጋር ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ጥቂት እርምጃ ወደ ደቡብ የወረደው ግን በቀበና፣ በቀጨኔና በመሰሎቻቸው አድርጎ ከተማውን ሰንጥቆ አቃቂ ይገባል፤ ከዚያ በአዋሽ ወደ አፋር ተጉዞ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የእንጦጦ አፈር ዝናቡን ከያዘው ምንጭ ይሆናል፤ ካልያዘው ጎርፍ ሆኖ ቁልቁል ይመጣል።

የደኑ ነገር የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው። ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል እንደልብ አያስበቅልም። ቅጠሉ ለማገዶ ሲጠረግ ደግሞ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። በተራራው ላይ ባሕር ዛፉን በጽድ፣ በወይራ፣ በኮሶና በመሳሰሉት ሀገር በቀል ዛፎች የመተካት ሥራ ከተጀመረ ሰንብቷል፤ ዛፎቹ በያዙበት ድኩላ ይታያል፣ ወፉም ይበዛል። ሥራው መፋጠን አለበት እላለሁ፣ ግን ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ መንጥሮ አይሁን። ቁልቁለቱ ባዶውን አንድ ክረምት ቢከርም መዘዙ ለታችኛው ሰፈር ነው።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የእግርና የብስክሌት መንገድ፣ የፈረስ ግልቢያና የሻይ ቤት አምጥቷል። ጥሩ ነው፤ ተራራውን ለማየት ግን እግርና ሹራብ ይበቃል። ከጎኑ ያለው የጠፈር ምልከታ ማዕከልም እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃ መቀበያ ጣቢያም የተተከለው እዚሁ ነው። ተራራው ሽቅብም ያሳያል ማለት ነው።

ቀኑ ይመረጥ። በክረምት ጉም ከተማውን ይሸፍነዋል። ኅዳር 12 ደግሞ፣ የኅዳር በሽታ የተባለውን የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ለማሰብ በየሰፈሩ ቆሻሻ ስለሚቃጠል፣ ከጭስ በቀር የሚታይ የለም። ከመስቀል እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ፣ ማለዳ፣ ከሁሉ ይሻላል። እሁድ አብዛኛው የመርካቶ ሱቅ ይዘጋል፤ የመርካቶ ሰዎች፣ በዚያ ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ ሰፈራችሁን በጣት አሳዩአቸው፣ ወንዞቹ ከየት እንደሚነሡ ንገሯቸው። የችግኝ ተከላ ጥሪ ሲመጣም ከባሕር ዛፍ ይልቅ ጽድና ኮሶ ትከሉ።