እንቆቅልሽ ጠያቂው ገራድ

በአውሮፕላን ጅግጅጋ የገባ ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ ኤርፖርቱ የተሰየመው በገራድ ዊልዋል ነው። ሰውየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ አካባቢ የገዛ ገራድ፣ ማለትም የጎሳ መሪ ሲሆን ገራድ ፋራህ ገራድ ሂርሲ ይባላል፤ ዊልዋል ቅጽል ስሙ ነው። ተዋጊነቱ ቢነገርለትም ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየለት ተረት ነው።

በተረቱ ዊልዋል የሚፈራው ለጦሩ ብቻ ሳይሆን ለእንቆቅልሹም ነው። አንድ ቀን በግዛቱ ያሉ ወንዶች በግ አርደው፣ ሰውን ወንድማማች የሚያደርገውንም ጠላት የሚያደርገውንም ብልት እንዲያመጡለት አዘዘ። ከጅግጅጋ እስከ ቱሊ ጉሌድ ባለው አገር በግ ማለት ራሱ ጥቁር፣ ላቱ በስብ የተሞላ የሶማሌ በግ ነውና፣ አብዛኛው ሰው ለገራድ የሚመጥን ያለውን ሙዳ መረጠ። የአንድ ድሃ ትልቋ ልጅ ግን አባቷን ጉሮሮውን እንዲወስድ መከረችው። አባትየው ሥጋ የሌለው ነገር ይዞ ገራዱ ፊት መቆም ጨነቀው፤ እሷ ግን በሐሳቧ ጸናች። በጉሮሮ የሚወርደውን ተካፍለው ሲበሉት ያዛምዳል፣ ሲሰስቱበት ያጣላል። መልሱ እሱ ነበር። ገራዱም ሐሳቡ ከማን እንደመጣ አጣርቶ የልጅቱን ብልህነት አደነቀ።

ዊልዋል ስሙ የቆየው በመጠየቁ ሲሆን፣ የአውሮፓ ተረት ፈረሰኛ የሆነው ፔርሴቫል ደግሞ የወደቀው ባለመጠየቁ ነው። ፈረንሳዊው ክሬቲየን ደ ትሯ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ባልቋጨው ድርሰት፣ ወጣቱ ፈረሰኛ በቆሰለው ንጉሥ ግንብ ውስጥ ደም የሚያንጠባጥብ ጦርና ግሬይል የተባለውን ዕቃ ያያል። ለፍላፊ እንዳይሆን ተመክሯልና ዝም አለ፤ ቢጠይቅ ንጉሡ ይድን ነበር። ጀርመናዊው ቮልፍራም ፎን ኤሸንባህ ታሪኩን ሲያሰፋው ለፈረሰኛው ፌይረፊዝ የሚባል ወንድም ጨመረለት። የዚህ ወንድም ልጅ፣ አውሮፓውያን ኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ የፈለጉት ቄስ ዮሐንስ ነው። የሙዚቃ ደራሲው ቫግነርም እ.ኤ.አ. በ1882 ፈረሰኛውን ኦፔራ መድረክ ላይ አወጣው።

የዊልዋልም ተረት ባሕር ተሻግሯል። ብዙ ሶማሌዎች በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሚኒሶታ፣ ካትሊን ሞሪያርቲ የበጉን ታሪክ በእንግሊዝኛና በሶማልኛ ለልጆች አዘጋጅታው እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል፤ ሥዕሉ የታዋቂው ካርቱኒስት አሚን አሚር ነው። ከጦረኛው ይልቅ ጠያቂውን መምረጧ አስተዋይነት ነው፤ የታሪኩ ጀግና ልጅቱ ናትና። አሳታሚዎቻችንም ይህን ተረት በሥዕል አስውበው በአማርኛና በሶማልኛ ጎን ለጎን ቢያወጡት፣ የጅግጅጋም የአዲስ አበባም ልጅ አንድ መጽሐፍ ያነባል።