ትልልቅ ሰዎችና የሕፃናት መጫወቻ

ሐዋርያው ጳውሎስ ሰው ካደገ በኋላ የሕፃንነትን ጠባይ እንደሚተው ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎላቸዋል። በዛሬው ዘመን ግን ከመጫወቻ ኩባንያዎች ደንበኞች ውስጥ ቤት ያቆሙና ልጅ የወለዱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ይህ ነገር ለሣቅ ብቻ የሚበቃ እንዳይመስል፥ ኩባንያዎች እነዚህን ሰዎች በምን ዓይን እንደሚያዩአቸው ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ልናመለክት ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ አገር ታይ ዋርነር የሚባል ነጋዴ በ1986 ዓ.ም. በስሙ የተጠራ ኩባንያ አቋቋመ። በ1993ም በጥቃቅን የፕላስቲክ ፍሬ የተሞሉ ትንንሽ የጨርቅ እንስሶች አወጣና «ቢኒ ቤቢስ» ብሎ ሰየማቸው። የአንዱ ዋጋ 5 ዶላር ያህል ስለ ነበረ፥ ለሕፃን ለመግዛት የሚከብድ አልነበረም።

ነገር ግን ሕፃን መጫወቻን የሚወደው ስለሚጫወትበት ሲሆን፥ ሰብሳቢ የሆነ ትልቅ ሰው ሌላው ያጣውን በማግኘቱ ደስ ይለዋል። ኩባንያው ይህን ስላወቀ ዕቃውን ለታላላቅ መደብሮች ከመስጠት ይልቅ ለትንንሽ ሱቆች በልክ አከፋፈለ፤ አንዳንዱንም ዓይነት ከእንግዲህ አይሠራም እያለ አቋረጠ። የተቋረጠውም ዓይነት ከሰው ወደ ሰው በብዙ ዕጥፍ ዋጋ ይሸጥ ጀመር። ብዙ ወላጆችም ለልጆቻችን ማስተማሪያ ይሆናል እያሉ ገዝተው አከማቹ። በጆሮው ላይ የተንጠለጠለው የልብ ቅርጽ ያለው ወረቀት እንዳይታጠፍ በፕላስቲክ ሸፈኑት፤ ልጁ ራሱ ግን እንዳይነካው ተከለከለ።

በ1999 በላስ ቬጋስ ከተማ ባልና ሚስት ሲፋቱ በእነዚህ አሻንጉሊቶች ድርሻ መስማማት አቃታቸው። በዳኛው ትእዛዝ ሁለቱም በችሎቱ ወለል ላይ ቁጢጥ ብለው አንድ አንድ እያነሡ ተካፈሉ። እኛ በችሎት ጸሐፊነታችን የርስትና የቤት፥ የከብትና የጌጥ ክርክር ጽፈናል፤ እንደዚህ ያለ ድርሻ ግን ከቶ አልገጠመንም።

በዚያው ዓመት ኩባንያው ቢኒ ቤቢስ ሁሉ በዓመቱ መጨረሻ እንዲቆሙ አስታወቀ። ቀጥሎም ይቅር ወይስ ይቀጥል ሲል የሕዝብን ድምፅ ጠየቀ፤ ሕዝቡም ይቀጥል ስላለ በ2000 እንደ ገና ሠራ። ነገር ግን ሁሉም ሊሸጥ ሲነሣ ገዢ ታጣና ዋጋው ወደቀ። ያከማቸው ሰው ላም አለኝ በሰማይ እንደሚለው ሰው ሆኖ ቀረ።

በ1932 በዴንማርክ አገር በቢሉንድ የተመሠረተው ሌጎ ኩባንያ ደግሞ ለትልልቆቹ ሰዎች ሌላ መንገድ ከፍቷል። አንድ ሰው ያሰበውን ሥራ ለሕዝብ አሳይቶ 10,000 ደጋፊ ካገኘ፥ ኩባንያው ይመረምረዋል፤ ተቀብሎ ከሸጠውም ለአሳቢው ከሽያጩ ድርሻ ይከፍለዋል። ከ2020 ጀምሮ ለትልቅ ሰው በታሰቡት ሣጥኖች ላይ 18 ዓመት የሚል ምልክት ያትማል። በ2022 ያወጣው የኤፌል ግንብ 10,001 ቁራጮች ስላሉት የገዛው ሰው እጁንና አእምሮውን ያሠራበታል። ሆኖም ይህን ለትርፍ የሚያስቀምጥም አይታጣም። በ2008 የወጣው የታጅ ማሃል ሕንፃ ከተቋረጠ በኋላ ዋጋው እጅግ ወጥቶ ሳለ፥ ኩባንያው በ2017 እንደ ገና ሠርቶ አወጣው። የተቆለፈው ሣጥን በባለቤቱ ቤት ቢሆንም፥ ዋጋው በኩባንያው እጅ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

እኛስ መጫወቻ የሚወደውን ትልቅ ሰው አንነቅፈውም። ከሥራ ደክሞ የተመለሰ አባት ከልጁ ጋር ተቀምጦ ትንሽ ግንብ ቢሠራ ለቤቱ ደስታ ነው። ነገር ግን የልጆቹን ማሳደጊያ ገንዘብ በአሻንጉሊት ላይ ከማዋሉ በፊት፥ ለደስታ ነው የምገዛው ወይስ ለትርፍ ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ለደስታ ከሆነ ሣጥኑን ይክፈትና ልጁን ይጥራው።