ካሜራው የሚከፈተው ሲደክማት ነው

ይሄ በእኛው መካከል ይቅር፦ አትሌቷ ገና ሳትደክም የተቀረጸ ቪዲዮ ብዙም አይጠቅመንም። ካሜራ እንዳለ ስታውቅ ደረቷን ነፍታ፣ ጉልበቷን አንስታ፣ አምራ ትሮጣለች። እውነተኛ አሯሯጧ የሚወጣው ልምምዱ ሊያልቅ ሲል ነው። ከአሰላ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ደራ ድረስ ወርደን ፍጥነት ስንሠራ ሁለቴ እንቀርጻለን፤ የምናምነው ግን የመጨረሻውን ነው።

መሣሪያው የሚያስፈራ አይደለም። በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ፣ ትሪፖድና ነጭ ፕላስተር ይበቃል። ፕላስተሩ ዳሌዋ፣ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ ላይ ይለጠፋል። ስልኩ ልክ ከጎኗ ይተከላል፤ ትንሽ ዘመም ካለ የጉልበቷ ማዕዘን ይሳሳታል። ከዚያ ማታ ቁጭ ብሎ ፍሬም መቁጠር ነው። እግሯ መሬት ከነካበት እስከለቀቀበት 42 ፍሬም ከሆነ 0.175 ሰከንድ ነው። በዚያው ፍጥነት፣ የመጨረሻው ዙር ላይ 48 ከደረሰ 0.2 ሰከንድ ሆኗል፤ እግሯ መሬት ላይ መቆየት ጀምሯል ማለት ነው። ሰዓት ያዡ ይህን አያይም፤ ዙሩን በሰዓቷ ጨርሳለችና። እኛ ግን ድካሙ ከየት እንደጀመረ እናውቃለን።

ትልልቆቹም ተለክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ኦሳካ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የ10,000 ሜትር ባለሜዳሊያዎቹን ቀነኒሳ በቀለን፣ ስለሺ ስህንንና ኬንያዊውን ማርቲን ማታቲን ቀርጸው አሯሯጣቸውን መርምረዋል። በ2017 የለንደን ሻምፒዮና ላይ ደግሞ አልማዝ አያና በ30:16.32 ያሸነፈችበትን የ10,000 ሜትር ውድድር የሊድስ ቤኬት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በካሜራ አጥንተውታል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጥናት ያየ ወጣት አሰልጣኝ ልጆቹን ሁሉ እንደ ቀነኒሳ ላስሩጥ ይላል። ተዉ! የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት እየሮጠ ስላደገ ግራ ክንዱ እንደታጠፈ ቀርቷል ይባላል። በዚያው ክንድ በ2008 በርሊን ላይ በ2:03:59 የማራቶን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሳይጎዳት የሚያስሮጣትን ነገር አታቃኑት፤ ልጅቷን ከራሷ ጋር ብቻ አወዳድሩ።

ለዚህ ደግሞ የዓመታት ልኬት ያስፈልጋል። ስለዚህ ልኬቱ በአሰልጣኙ ስልክ ውስጥ ተቀብሮ አይቅር፤ ለእሷም ስጧት። ክለብ ስትቀይር ይዛው ትሂድ፤ ቀጣዩ አሰልጣኟ ከዜሮ እንዳይጀምር።