መምህር ሲታክተው

«መምህር እንደ ሻማ ነው፤ ራሱ እየቀለጠ ለሌላው ያበራል» የሚለውን ምስጋና በወላጆች በዓል ላይ ሲነገር ያልሰማ ከእኛ መካከል አይገኝም። ምስጋናው ከልብ የመነጨ ነው። ነገር ግን ሻማ አንድ ሌሊት አብርቶ ያልቃል፤ መምህር ግን ሠላሳ ዓመት እንዲያበራ የሚፈለግ ሰው ነው። ከእኛም ብዙዎቻችን ነገ ጠመኔ ይዘን ሰሌዳ ፊት የምንቆም ስለ ሆነ፣ መምህር በምን ምክንያት እንደሚቀልጥና ሳይቀልጥ ሊያበራ የሚችለው እንዴት እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅመናል።

በመጀመሪያ ድካምና መታከት አንድ አለመሆናቸውን እንወቅ። የደከመ ሰው ቅዳሜና እሑድ ካረፈ ሰኞ ይበረታል፤ የታከተው ግን ካረፈም በኋላ ሰኞን ይፈራል። ይህን ነገር ስም ሰጥተው ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ጽሑፍ፣ ለመታከት ይበልጥ የሚጋለጡት ሰነፎቹ ሳይሆኑ ሥራቸውን የሚወዱትና ራሳቸውን የሚሰጡት መሆናቸውን አስረድቷል። ከእርሱ በኋላ ክርስቲና ማስላክ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 የመታከትን መለኪያ አወጣች። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 መታከት ከሥራ የሚመጣ ሁኔታ እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አለመሆኑን ገልጿል። ይህ አነጋገር ቀላል አይምሰለን፤ የነገሩ ሥር በሰውየው ጠባይ ብቻ ሳይሆን በሥራው አደረጃጀት ውስጥ መፈለግ እንዳለበት ያመለክታልና።

በማስላክ ትምህርት መሠረት ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው የኀይል መሟጠጥ ነው፤ መምህሩ ገና ጠዋት ክፍል ሳይገባ ሰውነቱ የዛለ ይሆናል። ሁለተኛው የልብ መራቅ ነው፤ ትናንት በስማቸው ይጠራቸው የነበሩትን ልጆች ዛሬ «እነዚህ አይለወጡም» እያለ በጅምላ ያያቸዋል። ሦስተኛው «የምሠራው ሁሉ ከንቱ ነው» ማለት ነው። ሁለተኛው ምልክት ከሁሉ ይልቅ ተማሪውን ይጎዳል፤ ልጅ መምህሩ እንደ ናቀው ከማንም ቀድሞ ያውቃልና።

እስቲ ነገሩን ወደ አገራችን አምጥተን በይጁቤ እንመልከተው። ይጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የምትገኝ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ወረዳው ከደጋው ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የገበሬ አገር ነው። እንደዚህ ባለ ወረዳ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የተመደበ ወጣት መምህር አለ እንበል። አራት ክፍል ያስተምራል፤ በእያንዳንዱ ክፍል 60 ልጆች አሉ። ለ240 ደብተር ሦስት ሦስት ደቂቃ ቢሰጥ፣ አንድ ጊዜ ለማረም ብቻ 12 ሰዓት ያስፈልገዋል። በአጨዳና በውቂያ ወራት ልጆቹ ግማሹ ይቀሩበታል፤ ሲመለሱ ያንኑ ትምህርት እንደገና ይጀምራል። በዚህ ላይ ኮሚቴው፣ ስብሰባውና የቤት ኪራዩ አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። ስለ ደኅንነቱ እየሰጋ የሚያስተምር ሰው ከሥራው ሌላ ፍርሃትንም ተሸክሟል።

ከእኛ በፊት የነበሩት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ያገለግሉ ነበር፤ ብዙዎቹም አስተማሩ። ይህ አገልግሎት ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ቀርቷል። ለእነርሱ ዓመቱ መጨረሻ ነበረው። ተቀጥሮ የሚሄደው መምህር ግን የሚመለስበት ቀን አይታወቅም፤ ስለዚህ የአንድ ዓመት ዘማች የሚችለውን ኑሮ እርሱ ዘወትር ሊችለው አይገባም። ታዲያ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ የሥራን ድንበር ይከልል። የጎጃም ገበሬ በሬዎቹን ሳይፈታ ቀኑን ሙሉ አያርስም፤ በሬው ከወደቀ የነገው እርሻ እንደሚቀር ያውቃልና። መምህርም ማታ ደብተር የሚዘጋበት ሰዓት፣ ከሳምንቱም ፈጽሞ የማይሠራበት አንድ ቀን ይኑረው።

ሁለተኛ፣ ሸክሙን በስሌት ይቀንስ። ከላይ ያልነውን 240 ደብተር በአራት ከፍሎ በየሳምንቱ 60 ቢያርም 12ቱ ሰዓት ወደ 3 ይወርዳል፤ ሁሉም ልጅ በወር አንድ ጊዜ ይታረምለታል። የቀረውን ልጆቹ ደብተር ተለዋውጠው፣ መልሱ ሰሌዳ ላይ እየተጻፈ እርስ በርስ ያርሙ።

ሦስተኛ፣ ብቻውን አይሥራ። ገበሬው አጨዳ ሲበዛበት ወንፈል ይገባል፤ መምህራንስ ለፈተና ማውጣትና ለእርማት ወንፈል ቢገቡ ምን ይከለክላቸዋል? ዋሸራንና ዲማን ባፈራው በጎጃም የቅኔ ቤትም፣ የኔታ ሁሉን ብቻቸውን አያስጠኑም፤ ከፍ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ይረዳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

አራተኛ፣ የድካሙን ፍሬ ይቍጠር። በሳምንት አንድ ቀን «ይህ ልጅ ዛሬ ይህን ቻለ» ብሎ በደብተሩ ይጻፍ። «ከንቱ ነው» የሚለውን አሳብ የሚረታው ምክር ሳይሆን ማስረጃ ነው።

አምስተኛ፣ ሰውነቱን ይጠብቅ። እንቅልፉን አያጕድል፤ ድምፁ የሥራ መሣሪያው ስለ ሆነ ውሃ ይጠጣ፣ ልጆቹን በጩኸት ሳይሆን በምልክት ጸጥ ያሰኝ። አረቄ ግን ዕረፍት አይደለም፤ እንቅልፍ አምጥቶ እንቅልፍን ያበላሻል፣ ከነገውም ቀን ብርታት ይቀንሳል።

እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ መኖርም ካስመረረ ግን ነገሩ ከመታከት አልፏልና ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ጠበል የሚጠመቅም ሰው ቢሆን ሁለቱ አይጣሉም። ይህን መናገር ነውር ሆኖ የሚደበቅ ከሆነ የምናጣው ሰውን ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳንናገር አንለፍ። «ራስህን ጠብቅ» ማለት «ደመወዝህ ቢዘገይም፣ ክፍልህ ቢጨናነቅም ዝም ብለህ ቻል» ማለት አይደለም። መምህሩ የዕረፍት ሰዓቱን ይከልላል፤ የተማሪውን ቍጥር፣ ደመወዙንና ሰላሙን ግን ብቻውን ሊያስተካክል አይችልም። በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የመምህራን ማኅበርም በ1966 ዓ.ም. መምህራንን ለሥራ ማቆም ሲያንቀሳቅስ፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ ይኸው የደመወዝ ጕዳይ ነበር። የመንግሥትን ድርሻ በመምህሩ ትዕግሥት መሸፈን ፍርድ ማጕደል ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ምደባ ሲወጣ ይጁቤ ወይም ከይጁቤ የራቀ ቀበሌ ቢደርሰን፣ ከመጻሕፍታችን ጋር ይህንም አሳብ ይዘን እንሂድ። በደረስን በመጀመሪያው ሳምንት ድንበራችንን እንከልል፤ የወንፈል ጓደኛም እንፈልግ። ከታከተን በኋላ ይህን ለመጀመር ጕልበት አይኖርም። ያ በሩቅ መንገድ በእግሩ የሚመጣው ልጅ የሚፈልገው ለአንድ ዓመት ነድዶ የሚያልቅ ጀግና አይደለም፤ በሚቀጥለውም መስከረም ክፍሉ ውስጥ ቆሞ በስሙ የሚጠራውን መምህር ነው።